ካሜራው ምን አጠፋ?

ስለ አማርኛ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ወሬ በተነሣ ቁጥር ፍርዱ ከችሎቱ በፊት ያልቃል። ካሜራው ደካማ ነው፣ መብራቱ አይበቃም፣ ድምፁ ይንሻተታል፣ ገንዘብ የለም፤ እነዚህ የተሟሉ ዕለት ፊልማችን ከማንም ጋር እኩል ይቆማል ይባላል። ባለሙያው ይህን ይላል፣ ተመልካቹ ይቀበለዋል፣ ጋዜጠኛው ይደግመዋል። አዲስ ሥራ ሲተዋወቅም ስንት ብር እንደ ፈሰሰበትና በምን ካሜራ እንደ ተቀረጸ መናገር፣ ታሪኩ የማን እንደ ሆነና ሰውየው ምን እንደ ገጠመው ከመናገር ይቀድማል። እኔ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ እላለሁ። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። የጎደለን ሰው ነው፤ አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ፣ ለሚፈልገውም ነገር ዋጋ የሚከፍል ሰው። እሱ ከሌለ የምስሉ ጥራት ባዶውን ቤት ይበልጥ አብርቶ ከማሳየት በቀር የሚፈይደው የለም።

የመሣሪያውን ክርክር በራሱ ሚዛን እንመዝነው። ጥቁርና ነጩ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከቀረበ በኋላ ባሉት ረጅም ዓመታት አገር ውስጥ የተሠሩ የልብ ወለድ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያን ጊዜ ምክንያቱ በእርግጥም መሣሪያ ነበር፤ የፊልም ጥቅሉ ውድ፣ አንዱን ትዕይንት ደግሞ መቅረጽም ኪስ የሚያራቁት ነበር። ቪዲዮና ዲጂታል ካሜራ ሲመጡ ያ ግድግዳ ፈረሰ። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የአገር ውስጥ ፊልም ማሳየት የዕለት ሥራቸው ሆነ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ከዓመት ዓመት ተሻሻለ እንጂ አልባሰም። ዛሬ ስልክ የሚቀርጸው ምስል የያኔው ቪዲዮ ካሜራ ከሚያወጣው ይበልጣል፤ ድሮን ከእንጦጦ አናት ተነሥቶ ከተማዋን በአንድ ትንፋሽ ያዳርሳል። ችግሩ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ቅሬታው መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር መቀነስ ነበረበት። ቅሬታው ግን ያው ነው፤ ታሪኩ ይመሳሰላል፣ መጨረሻው ገና ሲጀመር ይታወቃል፣ ሰዎቹ ሰው አይመስሉም። ፊልም አቋርጦ የሚወጣ ሰው ሌንሱ አልጣመኝም ብሎ ሲወጣ አይሰማም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀምሮ የቱርክን ጨምሮ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ የጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። የአገር ውስጥ ሥራ ይሞታል፣ ባህል ይበረዛል የሚል ነበር ክሱ። ተገቢም ይሁን አይሁን፣ ያ ሁሉ ሙግት ሲካሄድ ከፊታችን የተቀመጠውን ማስረጃ ማንም ልብ ያለው አይመስልም። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተለጠፈበት ድራማ በቴክኒክ ሚዛን ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው። ከንፈሩ አንድ ይላል፣ ጆሮ ሌላ ይሰማል። የተዋናዩ ትንፋሽ፣ የሣቁ መሰበር፣ የልቅሶው ሳግ የራሱ አይደለም። ኢስታንቡል ውስጥ የምትኖር ሴት በአዲስ አበባ አነጋገር ትቆጣለች፤ ትናንት የአንዱ አባት የነበረ ድምፅ ዛሬ በሌላ ድራማ የሌላው ባላንጣ ሆኖ ይመጣል። እንግዲህ ተመልካቹ የጥራት እስረኛ ከሆነ ይህን መቼም ሊታገሠው አይገባም ነበር። እሱ ግን በሁለተኛው ምሽት ለመደው፣ በሦስተኛው ረሳው፣ ከዚያ በኋላ ራት የሚቀርብበትን ሰዓት በድራማው ያሰላ ጀመር። ያስረሳው ነገር አንድ ነው፤ ልጅቷ እውነቱን ስታውቅ ምን ታደርግ ይሆን የሚለው ጥያቄ።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። የቱርኮቹ ምስልኮ ያማረ ነው፤ ባሕሩ፣ ቪላው፣ ልብሱ፣ የሰዎቹ መልክ ዓይን ይስባል ይባላል። ይስባል። ነገር ግን የሳሙና ማስታወቂያም ዓይን ይስባል፣ የሆቴል ማስታወቂያም ባሕርና ቪላ ያሳያል፤ ነገ ምን ይሆን ብሎ ማስታወቂያ የሚጠብቅ ግን የለም። ውበት ዓይንን ለደቂቃ ያቆመዋል፤ ሰውን ለወራት በቀጠሮ የሚመልሰው ግን ያልተፈታ ጉዳይ ነው። እነዚያ ድራማዎች፣ ብዙዎቹ እንዲያውም ተለጥጠው የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ዝም ብሎ ሰው ሲያይ ረጅም ደቂቃ ያልፋል። ያ ዝምታ የሚሠራው ተመልካቹ የሁለቱን ሰዎች ሂሳብ ስለሚያውቅ ነው፤ ማን ማንን እንደ በደለ፣ ማን ምን እንደ ደበቀ። ሂሳቡን ለማያውቅ ሰው ያው ትዕይንት ሁለት ያማሩ ሰዎች አፍጥጠው የቆሙበት ፎቶግራፍ ነው። የእኛ ሠሪዎች ከቱርኮቹ የወሰዱት ደግሞ፣ ያሳዝናል፣ ቪላውንና ማፍጠጡን ነው። ሂሳቡን እዚያው ትተውት መጡ።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ፤ እሱ ጭራሽ ምስል የለውም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ካሜራ የለ፣ መብራት የለ፣ አልባሳት የለ፤ አንድ ሰውና አንድ ማይክሮፎን። አድማጩ ግን ጉዱ ካሣን አየው። ፊታውራሪ መሸሻን አየ፣ ሰብለ ወንጌልን አየ፣ የበዛብህን መንከራተት በእግሩ የሄደ ያህል ደከመው። መጽሐፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዛሬ ከወግ ወጣ ያለን፣ እውነት ተናግሮ እብድ የተባለን ሰው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ ከታሪኩ ወጥቶ የሰፈር ቃል የሚሆነው መልኩ በደንብ ስለ ታየ አይደለም፤ መልኩንማ ማንም አላየውም። ካሣ ባላባት ዘመድ ሆኖ ሳለ ባላባትነትን ስለሚቃወም፣ ያም ክብሩንና ጤነኛ የመባል መብቱን ስለሚያስከፍለው ነው። የሚያስበውን እናውቃለን፣ ያሰበውም ምን እንዳሳጣው እናውቃለን። ገጸ ባሕርይ ማለት ይኸው ነው፤ የቀረው ልብስና ጢም ነው።

ይህን በፊልም ለማየት የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» የሚያህል የለም። ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1948 ጦርነት ባደቀቃት ሮም ነው። አንድ የአሜሪካ ፕሮዲዩሰር ታዋቂውን ካሪ ግራንትን ዋና ተዋናይ ካደረግህ ገንዘቡን እሰጣለሁ ቢለው ዴ ሲካ እምቢ አለ፤ የመረጠው ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለ፣ ፊልም ሠርቶ የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ታሪኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ሥራ ለማግኘት ብስክሌት የሚያስፈልገው አባት ብስክሌቱን ይሰረቅና ከትንሽ ልጁ ጋር ሲፈልግ ይውላል። የደራሲዎቹ ብልኀት ግን ከስርቆቱ በፊት ነው። ያ ብስክሌት መያዣ ተይዞ ነበር፤ ለማስለቀቅ ሚስትየው የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ነቅላ፣ አጥባ፣ እሷም በተራዋ መያዣ ታስይዛለች። እንግዲህ ሌባው ብስክሌቱን ይዞ ሲሮጥ የሮጠው ብረትና ጎማ ይዞ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ አንሶላ፣ የሚስት ተስፋ፣ የአባት ክብር አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ክብደት ዴ ሲካ የከፈለው ገንዘብ የለም፤ በወረቀት ላይ የተገኘ ክብደት ነው። መጨረሻ ላይ ሰውየው ራሱ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲነሣ ልጁ ቆሞ ያየዋል። ተመልካች ያን ጊዜ የሚይዘው ጭንቀት ከየትኛውም ፍንዳታ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሚፈነዳው ሰውየው በልጁ ዓይን ውስጥ ያለው ስፍራ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ብዙዎቹ ድራማዎቻችን ሲጀምሩ ሰዎቻቸውን በዝርዝር ያስተዋውቃሉ፤ ይህ ሀብታም ነው፣ ይቺ ደግ ናት፣ ያኛው ክፉ ነው፣ እናትየው ታማለች፣ ወንድምየው ከአሜሪካ መጥቷል። ይህ የመታወቂያ ወረቀት እንጂ ገጸ ባሕርይ አይደለም። ክፉው ክፉ የሆነው ክፉ ስለ ሆነ ነው፤ ደጓም እስክትሞት ደግ ናት። ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ለእኛ ሲሉ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ እኅት ለእኅቷ «አባታችን ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው እኮ» ትላለች፣ እንደዚያ ብላ የምትነግራት እኅት ያላት ይመስል። ይህን ምልልስ በውዱ ካሜራ ብትቀርጸው ይበልጥ ጠርቶ የሚታይ ውሸት ይሆናል። በአንጻሩ «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ዘመን አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አስታውሱ። በዛሬ ዓይን የድራማው ምስል ተራ ነው። አስናቀ ግን ሰው ሆኖ ነበር፤ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ያቅዳል፣ ሲከሽፍበት ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሰው ይጠላው ነበር፤ ቢሆንም የሚቀጥለውን እርምጃውን ለማየት ይቸኩል ነበር። ተመልካች ገጸ ባሕርይን የግድ መውደድ የለበትም፤ ሊከተለው የሚገባ ጉዳይ ከኖረው ይበቃዋል።

ከፍ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው። ሲኒማ የምስል ጥበብ ነው፣ ታሪክ ብቻ ከፈለጋችሁ መጽሐፍ አንብቡ የሚሉ አሉ፤ ከባዶ ተነሥተውም አይደለም። እነሱ ዘንድ የሚጠቀስ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳሕን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴም ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቾች ተዋናዩ ረሃብን፣ ኀዘንንና ፍላጎትን እንዴት አሳምሮ እንደ ተጫወተ አደነቁ፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ሙከራው ብዙ ጊዜ የኤዲቲንግን ኃይል ለማሳየት ይነገራል። እኔ ግን ስለ ተመልካቹ የሚነግረን ይበልጥብኛል። ሁለት ምስል አጠገብ ለአጠገብ የሰጠኸው ተመልካች ወዲያው የሚጠይቀው ይህ ሰው ምን ፈለገ፣ ምን ጎደለው ብሎ ነው። ታሪክ ባትሰጠው ራሱ ይሠራል። ስለዚህ ምስል ወይስ ታሪክ ብሎ ማስመረጥ ሐሰተኛ ሙግት ነው፤ ምስል ትርጉም የሚያገኘው ከኋላው የሚፈልግ ሰው ሲታየን ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ተመልከቱ። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ፣ በንጉሡ ሥርዓት ውድቀት ወቅት በጥድፊያ የተቀረጸ ሥራ ነው። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዛል፣ ገበሬው ይጎነበሳል። ምስሉ ራሱ ታሪክ ነው፤ የተቀመጠውና የቆመው ማን እንደ ሆነ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ይህን ያመጣው ካሜራው ሳይሆን ካሜራውን ማን ላይ መትከል እንዳለበት ያወቀው ሰው ነው።

ሆሊውድስ ይባላል። «አቫታር» ታሪኩ የታወቀ፣ ሰዎቹም ስስ ሆነው ሳለ በቴክኖሎጂው ብቻ የዓለምን ገበያ ጠራርጎ አልወሰደም ወይ? ስለ «አቫታር» አልከራከርም፤ ገንዘቡን ሰብስቧል፣ ሰው ያንን ዓለም ሊጎበኝ ሄዷል። ቢሆንም እሱ ራሱ የቆመው እግሩ የማይሠራ ወታደር ለላኩት ሰዎች ይታመን ወይስ ለወደዳት ይወግን በሚል ምርጫ ላይ ነው፤ ቀላል ታሪክ ማለት የለም ማለት አይደለም። ደግሞም ቴክኖሎጂ ሁሉን ሊያደርግ የሚችልበትን የፒክሳርን ቤት ብናይ ነገሩ ይገለጣል። «ቶይ ስቶሪ» እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን፣ በኅዳር 1993፣ ዲዝኒ የተሠራውን አይቶ ሥራውን አስቁሞት ነበር። ኮምፒውተሩ አላቃተውም። ዋናው አሻንጉሊት ዉዲ ተሳዳቢና ክፉ ሆኖ ስለ መጣ ማንም ሊከተለው አልፈለገም። በዓለም ውስጥ የትም ያልነበረ መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ሳለ ሰዎቹ ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሱ፤ ዉዲ ለምን እንደሚቀና፣ ቦታውን ማጣት ምን ያህል እንደሚያስፈራው እንደገና ጻፉ። የዳነው ፊልም ያ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ቴሌቪዥን አሳይቶናል። «ጌም ኦቭ ትሮንስ» እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር ሰው የያዘው በሸንጎና በመኝታ ቤት በሚደረግ ንግግር ነበር፤ ገንዘብ ስላልበቃቸው በመጀመሪያው ምዕራፍ ትልልቅ ጦርነቶች ከመድረኩ ውጭ ያልፉ ነበር። በ2019 የወጣው የመጨረሻው ምዕራፍ ስድስት ምሽት ብቻ ሲሆን በቴሌቪዥን ታሪክ እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ዘንዶ፣ እሳት፣ የከተማ መውደም፣ የጎደለ ምስል አልነበረም። የጎደለው መንገዱ ነው። ለስምንት ዓመት የምናውቃት ንግሥት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሕዝብ ፈጅ ሆነች፤ መሆኗ ሳይሆን እንዴት እንደ ሆነች ሳያሳዩን መሆኗ ተመልካቹን አስቆጣው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በብቁ ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራ ብሎ ፈረመ። ልመናው ከንቱ ነበር፣ ትንሽም ያስቃል። ነገር ግን የጠየቁት የተሻለ ዘንዶ አልነበረም።

እኛ ደግሞ ታሪክ ቸግሮን አያውቅም። ሙግት የሚወድ ሕዝብ ነን፤ «በላ ልበልሃ» ብሎ ተነሥቶ ዳኛና ታዛቢ ፊት በቃል መፋለም የአደባባይ ጥበብ የነበረበት አገር ነው። ቁራኛን ብቻ ውሰዱ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ አንድ ላይ ታስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ሁለት ጠላቶች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ማደሪያ። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይደግፈዋል። አንድ ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ የታሪክ መነሻ አያገኝም፤ ግጭቱ፣ ጊዜው፣ መድረሻው፣ የማያመልጡት ቅርበት ሁሉ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ አለ። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ይህን አንሥቶ ፊልም ሲያደርገው፣ ሰው ስለ ፊልሙ ሲያወራ የሚጀምረው ከዚያ መታሰር ነው። እንዲህ ያለ ልማድ በሕግ ታሪካችን፣ በእድር መዝገብ፣ በውርስ ክርክር፣ በሽምግልና ምንጣፍ ላይ ሞልቶ ሳለ ነው የሌላ አገር ቪላ ስንከራይ የምንውለው።

የሚቀር አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ፤ ጸሐፊም ገንዘብ ይፈልጋል፣ ነፃነትም ይፈልጋል። እውነት ነው። ስለ ነፃነት የኢራን ፊልም ሠሪዎች መልሰውታል፤ ሳንሱር እያለ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 የጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ የሄደና ጓደኛው እንዳይባረር ሊመልስለት መንደር ለመንደር የሚሮጥ ልጅ ብቻ ይዞ ዓለምን አስጨነቀ። የአስገር ፋርሃዲ «መለያየት» ደግሞ በቤትና በፍርድ ቤት ኮሪደር ተወስኖ፣ ሰውየው ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚል አንድ ጥያቄ ተንጠልጥሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦስካር ወሰደ። ሳንሱር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰበብ አይሆንም ማለቴ ነው። ስለ ገንዘብም ቢሆን እኔ የምለው ጸሐፊው በነፃ ይሥራ አይደለም። በተቃራኒው፣ የምስሉ ገንዘብ ሲታሰብ ጸሐፊው መጨረሻ ላይ የሚታወስ፣ ድርሰቱም በቀረጻው ዋዜማ እየተጻፈ የሚደርስ መሆኑ ነው በሽታው። ለአንድ ቀን የድሮን ኪራይ የማይሳሳ እጅ ድርሰቱን ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ለማስጻፍ ሲጠየቅ ይታጠፋል።

ስለዚህ ለፕሮዲዩሰሮቻችን አንድ ልመና አለኝ፣ ወጪውም ቀላል ነው። ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ድርሰቱን ድምፁ ጥሩ ለሆነ ሰው ስጡት፤ ታሪኩን የማያውቁ ጥቂት ሰዎች ሰብስባችሁ፣ ያለ ምስልና ያለ ሙዚቃ ያንብብላቸው። አሥረኛው ገጽ ላይ አቁሙት። ከሰሚዎቹ አንዱ «ከዚያስ?» ካለ ቅረጹ። ማንም ካልጠየቀ የካሜራውን ኪራይ ሰርዙና ብሩን ለጸሐፊው ስጡት፤ እንደገና ይጻፈው።